ከጎሬ አፋፍ ቁልቁል፦ የኢሉባቦር የእሳት ድንጋዮች

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይወርዳል)

 በመቱ፣ በጎሬ፣ በቡሬ፣ በያዮና በበደሌ ያላችሁ፣ ከሌላም አካባቢ የምትከታተሉን፣ ዛሬ የምናወራው ስለ ድንጋይ ነው። አንድ ጊዜ ቀልጦ ይፈስ ስለነበረ፣ በኋላ በርዶ ስለጠጠረ ድንጋይ። የሥነ ምድር ሰዎች ኢግኒየስ አለት ይሉታል። የቤታችን መሠረት የታነፀበት ጥቁር ድንጋይ፣ ከአስፋልት ሥር የሚነጠፈው ጠጠር፣ በየከተማው የውስጥ ለውስጥ መንገድ ላይ የተደረደረው ኮብልስቶን፣ የእናቶቻችን የወፍጮ ድንጋይ፣ አብዛኛው ከዚሁ ወገን ነው። የቡናችን ቀይ አፈርም ከዚሁ ድንጋይ የተወለደ ነው፤ ወደዚያ በኋላ እንመጣለን።

እሳተ ገሞራ ሲነሳ የሁላችንም ሐሳብ ወደ አፋር ይሮጣል። ወዶም አይደለም፤ በኤርታሌ እሳቱ ዛሬም በዓይን ይታያል። ኢሉባቦር ግን ደን ለብሳ፣ ቀይ አፈር ደርባ፣ ከዓመቱ አብዛኛውን ወራት ዝናብ እየጠጣች የምትኖር አገር ስለሆነች ከሥሯ ያለውን የጥንት እሳት የሚያስታውስ ጥቂት ነው። በዚህም የተነሳ ከሰሜኑ ደጋና ከስምጥ ሸለቆው ይልቅ ያነሰ የተጠና ምድር ሆናለች። ዛሬ ልነግራችሁ የምፈልገው ይህን ምድር ማንበብ እንደሚቻል፣ እነማን ማንበብ እንደጀመሩ፣ የቀረውን ደግሞ የመቱና የጎሬ ልጆች ራሳቸው ሊያነቡት እንደሚገባ ነው።

ከጎሬ ወደ ጋምቤላ የሚወርደውን መንገድ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ጎሬ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ፣ በደጋው ጫፍ አጠገብ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከዚያ በቡሬ በኩል ቁልቁል ሲወረድ መድረሻው 500 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው የጋምቤላ ቆላ ነው። 1,500 ሜትር ቁልቁለት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 በተፈረመ ስምምነት እንግሊዞች ባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲከፍቱ ከተፈቀደላቸው በኋላ የዚህ አገር ቡና በበቅሎ ተጭኖ በዚሁ ቁልቁለት ይወርድ፣ ከዚያም በእንፋሎት መርከብ እስከ ካርቱም ይሄድ ነበር። ነጋዴው ሲወርድ አየሩ እየሞቀ፣ ዛፉ እየተለወጠ እንደሚሄድ አሳምሮ ያውቅ ነበር። ከበቅሎው ኮቴ ሥር የነበረው ድንጋይም አብሮ ይለወጥ ነበር።

ከላይ፣ በደጋው ላይ፣ ያለው አለት በአብዛኛው ባዛልት ነው። ጥቁር ወይም ወደ ግራጫ የሚያደላ፣ ክብደት ያለው፣ ቅንጣቶቹ በዓይን የማይለዩ ድንጋይ። ቁልቁለቱ እየገፋ ሲሄድ ባዛልቱ ያልቅና ከሥሩ ፍጹም ሌላ አለት ብቅ ይላል። ነጣ ያለ፣ ሮዝማ ወይም ግራጫ፣ ቅንጣቶቹ እንደ ጨው ፍሬ አንድ በአንድ የሚታዩ ግራናይት፤ ከእሱም ጋር በሙቀትና በግፊት ተጣሞ ጥቁርና ነጭ መስመር ያወጣ ናይስ የሚባል አለት። ከሁሉም በታች ወንዞች ተሸክመው ያራገፉት የጋምቤላ ሜዳ አሸዋና ሸክላ አለ። ከላይ ያለው ባዛልት ዕድሜው በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ነው። ከሥሩ ያለው ጥንታዊ መሠረት ግን ከ540 ሚሊዮን ዓመት ጀምሮ ከ800 ሚሊዮን ዓመት በላይ የሚዘልቅ ዕድሜ አለው። አንድ ሰው በግማሽ ቀን ጉዞ ይህን ሁሉ ዘመን አቋርጦ ይወርዳል። የአገራችን የሥነ ምድር ተማሪ ሁሉ አንድ ጊዜ ቢወርድበት የምመኘው መንገድ ነው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ባዛልቱም ግራናይቱም ከቀለጠ አለት የተፈጠሩ ናቸው። ታዲያ ለምን እንዲህ ተለያዩ? የመጀመሪያው ምክንያት የበረዱበት ቦታና ፍጥነት ነው። ግራናይት ከምድር ወለል በኪሎ ሜትሮች ጥልቀት፣ ወፍራም አለት ተደርቦበት፣ በብዙ ሺህና በሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ቀስ ብሎ የበረደ ነው። ጊዜ ስላገኘ ክሪስታሎቹ አድገዋል፤ ስለዚህም በዓይን ይታያሉ። ባዛልት ግን ከምድር ወጥቶ አየር ነክቶታል፤ በቀናት፣ በወራት ወይም በዓመታት ውስጥ ጠጥሯል። ክሪስታሎቹ ለማደግ ፋታ አላገኙም። ስለዚህ ግራናይት ዛሬ በእጃችሁ ሲገባ፣ በላዩ የነበረው ያ ሁሉ ኪሎ ሜትር አለት በዝናብና በወንዝ ተበልቶ አልቋል ማለት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የውስጡ ይዘት ነው። የቀለጠ አለት፣ ማግማ የምንለው፣ በውስጡ ሲሊካ የሚባል ውሁድ አለው። ባዛልት ውስጥ ሲሊካው ከመቶው ከ45 እስከ 52 እጅ ያህል ነው። ግራናይት፣ እንዲሁም የግራናይት ወንድም ሆኖ በምድር ላይ የሚፈሰው ሪዮላይት፣ ወደ 70 እጅና ከዚያም በላይ ይደርሳሉ። ሲሊካ በበዛ ቁጥር ማግማው ይወፍራል። የኢሉባቦር ሰው ማር ያውቃልና በማር ላስረዳችሁ፤ አሁን ከቀፎ የተቆረጠ ሙቅ ማር ከማንኪያ ላይ ቶሎ ይወርዳል፣ የረጋ ማር ግን ማንኪያውን ቢገለብጡትም ይንጠለጠላል። ባዛልት ከ1,100 እስከ 1,200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሙቀት ይዞ ይወጣና ሜዳ ለሜዳ ይፈሳል። ሪዮላይት ግን ወፍራም ስለሆነ ጋዙን አፍኖ ይይዛል፤ ግፊቱ ሲበረታ ይፈነዳና አመድና ፍንጣሪ ሆኖ ይበተናል። አንዱ ፈሶ አገር ያለብሳል፣ ሌላው ፈንድቶ አገር ያጨልማል። በኢትዮጵያ ደጋ ሁለቱም ሆነዋል።

አንድ በሰፊው የተሰራጨ አስተሳሰብ እዚህ ላይ ማቃናት እፈልጋለሁ። ብዙ ሰው ከእግራችን በታች የቀለጠ አለት ባሕር አለ፣ ምድሪቱ ስትሰነጠቅ እሱ ይወጣል ብሎ ያስባል። እንደዚያ አይደለም። ከምድር ቅርፊት በታች ያለው ማንትል የሚባለው ክፍል እጅግ የጋለ ቢሆንም ጠጣር ነው። እንዳይቀልጥ የሚያደርገው ከላይ የተጫነው ግፊት ነው። ከጥልቁ ከወትሮው የጋለ አለት ቀስ እያለ ወደ ላይ ሲወጣ ግን ጭነቱ ይቀንስለታል፤ ግፊቱ ሲላላም፣ ማንም ተጨማሪ እሳት ሳያነድበት፣ ከፊሉ ይቀልጣል። የቀለጠው ከጠጣሩ ስለሚቀል ስንጥቅ ፈልጎ ይወጣል። በኢትዮጵያና በየመን ሥር እንዲህ ያለ ግዙፍ የጋለ አለት ከጥልቅ ተነስቶ ነበር።

ውጤቱ ምን ሆነ? ዛሬ ወደ 600,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ቦታ የሚሸፍን የላቫ ንጣፍ። በሰሜኑ ደጋ ውፍረቱ በአንዳንድ ቦታ እስከ 2 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ1997 በታተመ ጥናት ከሰሜን ምዕራቡ ደጋ፣ ከሊማሊሞ ጭምር፣ የተወሰዱ ናሙናዎች ዕድሜ ተለክቶ አብዛኛው ላቫ የፈሰሰው የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ፣ በ1 ሚሊዮን ዓመት ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ውስጥ እንደሆነ ተነግሯል። ለሥነ ምድር ይህ ቅጽበት ነው። በአገራችን ደቡብና ደቡብ ምዕራብ ግን ታሪኩ ቀደም ብሎ ይጀምራል፤ እዚያ ከ40 ሚሊዮን ዓመት በላይ የሆነ ላቫ ተለክቷል። እንግዲህ የደቡብ ምዕራቡን አለት ሳያውቁ የኢትዮጵያን ደጋ ውልደት ሙሉ በሙሉ ማወቅ አይቻልም።

ያ ሁሉ ላቫ የወጣው ግን እንደ ዝቋላ ካለ አንድ ተራራ አፍ ብቻ አልነበረም። በአብዛኛው ምድሪቱ ረጅም ሆና ተሰንጥቃ ከስንጥቁ ፈሰሰ። ለዚህ ቅርብ የሆነ ምስክር በመስከረም 1998 ዓ.ም. በአፋር አይተናል። በዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ባለው መሥመር ማግማ ከሥር ገብቶ መሬቱን በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር አራቀው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ሁኔታውን መዝግበው ለዓለም አሳውቀዋል። በጥንቷ ኢትዮጵያ የሆነውም ከዚህ የሚበልጥ፣ ደጋግሞ የመጣ ነገር እንደነበር ልታስቡት ትችላላችሁ።

(አጭር የሙዚቃ ማረፊያ)

አሁን ወደ ያዮ የድንጋይ ከሰል እንሂድ። ላቫው ሳያቋርጥ አልፈሰሰም። አንዱ ፍሰት ከበረደ በኋላ ሌላው እስኪመጣ ሺህ ዓመታት፣ አንዳንዴም መቶ ሺህ ዓመታት ያልፋሉ። በዚያ መሐል ዝናብ ይዘንባል፣ ድንጋዩ ወደ አፈር ይለወጣል፣ ደን ይበቅላል፣ ረግረግ ይፈጠራል። የዛፉ ግንድና ቅጠል ረግረጉ ውስጥ እየወደቀ ይከማቻል። በኋላ ሌላ ላቫ መጥቶ ይደርብበታል። ጭነቱና ጊዜው ያንን የተከማቸ ዕፅዋት የድንጋይ ከሰል ያደርገዋል። የያዮ ከሰል፣ በጅማ አቅራቢያ ያለው የደልቢ ሞዬ ከሰል፣ በሰሜን ደግሞ የጭልጋው፣ ሁሉም በባዛልት ንጣፎች መካከል የተቀበሩ ናቸው። የሥነ ምድር ተመራማሪው አህመድ ወለላ እነዚህን የከሰል ክምችቶች ለብዙ ዓመታት አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2007 ሰፊ ጽሑፍ አሳትመዋል። በጭልጋ ከእነዚሁ በላቫ መካከል ካሉ ንጣፎች የዛሬ 27 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የኖሩ የዝሆን ዘመዶች ቅሪት ተገኝቷል።

ይህን የላቫ እረፍት ለማየት ግን የከሰል ጉድጓድ መውረድ አያስፈልግም። የመንገድ ሥራ ዶዘር በቆረጠው ገደል ላይ፣ በሁለት ጥቁር ንጣፎች መካከል፣ እንደ ጡብ የቀላ ቀጭን መሥመር ካያችሁ፣ እሱ በላይኛው ላቫ የተቃጠለ የጥንት አፈር ሊሆን ይችላል። አንድ ነገር ደግሞ አስተውሉ። እንዲህ ያለው የሸክላ መሥመር ውሃ አያሳልፍም። የላይኛው ባዛልት ስንጥቅ ስላለው ዝናቡን ያስገባል፤ ውሃው እስከ ሸክላው ይወርድና መሄጃ ሲያጣ ወደ ጎን ይወጣል። በአንድ ተራራ ወገብ ላይ ምንጮች በተመሳሳይ ከፍታ ተደርድረው የሚታዩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ምንጭ ለማጎልበት የሚደክም የቀበሌ ኮሚቴ ይህን ቢያውቅ ብዙ ድካም ይተርፍለታል።

ይህን ምድር በመዶሻና በማስታወሻ ደብተር ማን ጀመረው? የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የነበሩት ሉዊ ዱፓርክ ስማቸው ይነሳል። በሩሲያ የኡራል ተራሮች ፕላቲኒየም ያለባቸውን አለቶች ያጠኑ ሰው ነበሩ። በወለጋ ዩብዶ፣ ብርብር ወንዝ አጠገብ፣ ፕላቲኒየም የያዘ አለት ሲገኝ እሳቸውና ባልደረቦቻቸው ናሙናውን መረመሩ። ዩብዶ ላይ ያለው አለት ዱናይት ይባላል፤ ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ኦሊቪን ከተባለ አረንጓዴ ማዕድን የተሠራ፣ ከጥልቅ የመጣ ኢግኒየስ አለት ነው። ዱናይቱ ተለውጦ ሲሊካ ሲሞላው የሚሆነውን አለት ዱፓርክና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1927 ብርብራይት ብለው ሰየሙት። ብርብር ወንዝ ከገባ ወንዝ ጋር ተገናኝቶ ባሮን ይፈጥራል፤ መቱን የሚያዋስነው ሶርም ለገባ ይገብራል። እናም እዚሁ በእኛ ተፋሰስ ውስጥ ያለ ወንዝ ስሙን ለዓለም የአለት መዝገብ ሰጥቷል። በትምህርት ቤቶቻችን ይህን የሚያውቅ ተማሪ ብዙ ቢሆን ደስ ባለኝ።

ከዚያ በኋላ ፖል ሞር በአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲያስተምሩ የኢትዮጵያን ሥነ ምድር በአንድ መጽሐፍ አሰባስበው በ1960ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. አሳተሙ። እ.ኤ.አ. በ1973 የመጀመሪያው የአገሪቱ የሥነ ምድር ካርታ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1983 ደግሞ የኢሉባቦር፣ የከፋ፣ የጋሞ ጎፋና የሲዳሞ ክፍሎችን የሚመለከት ጥናት በኢትዮጵያ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ታተመ። የኦሞ ወንዝ ፕሮጀክት በሚባለው ሥራ የኢትዮጵያና የካናዳ ባለሙያዎች አብረው ያዘጋጁት ነው። ደን እየሰነጠቁ፣ ወንዝ እየተሻገሩ የተሠራ ሥራ ስለሆነ እስካሁን ድረስ የደቡብ ምዕራቡን አለት ለማጥናት የሚነሳ ሁሉ መጀመሪያ የሚከፍተው እሱን ነው።

ከአገራችን ልጆች መካከል የኢግኒየስ አለት ጥናትን ከፍ ያደረጉ ሁለት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰሮችን ልጥቀስ፤ ገዛኸኝ ይርጉ እና ደረጀ አያሌው። ሁለቱም ከፈረንሳዊው ተመራማሪ ራፋኤል ፒክ ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ1999 በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የእሳተ ገሞራ አለቶች ኬሚካላዊ ይዘት ላይ ጽሑፍ አሳትመዋል። የጠየቁት ጥያቄ በቀላሉ ሲነገር ይህ ነው፤ ማግማው በቀጥታ ከማንትል መጣ ወይስ ሲወጣ በመንገዱ ላይ ከነበረው የጥንት ቅርፊት እየቀለጠ ተቀላቀለበት? መልሱ የሚፈለገው ስትሮንሺየም፣ ኒዮዲሚየምና ሊድ ከተባሉ ንጥረ ነገሮች ነው። የእነዚህ ንጥረ ነገሮች ዓይነቶች መጠን ከማንትል በመጣና ከጥንት ግራናይት በመጣ አለት ውስጥ ይለያያል፤ ስለዚህ የተቀላቀለውን ያጋልጣል። በጎሬ ቁልቁለት ላይ ያየነው ያ ግራናይት እዚህ ላይ ዋና ተጠርጣሪ ሆኖ ይቀርባል ማለት ነው።

ፕሮፌሰር ደረጀ እ.ኤ.አ. በ2002 ከባልደረቦቻቸው ጋር ባሳተሙት ሌላ ጥናት ደግሞ ከደጋው ባዛልት ጋር አብረው የወጡት ግዙፍ የሪዮላይት ፍንዳታዎች ምንጭ ራሱ የባዛልቱ ማግማ እንደሆነ፣ የጥንት ቅርፊት ድርሻ ትንሽ እንደነበር አሳይተዋል። ጥቁሩ ነጩን እንዴት ይወልዳል? መልሱን ከመቶ ዓመት በፊት ገደማ ኖርማን ቦወን የተባሉ ካናዳዊ ተመራማሪ አዘጋጅተውት ነበር። ዋሽንግተን በሚገኘው ቤተ ሙከራቸው የአለት ዱቄት ያቀልጡ፣ በተለያየ ሙቀት ላይ ያቆዩ፣ ከዚያ በድንገት ያቀዘቅዙት ነበር። ማግማ ሲበርድ ማዕድናት ሁሉ በአንድ ጊዜ አይረጉም። መጀመሪያ ሲሊካ ያነሳቸው፣ እንደ ኦሊቪን ያሉት ይረጉና ይዘቅጣሉ። እነሱ ሲወጡ የቀረው ፈሳሽ በሲሊካ እየበለጸገ ይሄዳል። በመጨረሻ የሚቀረው ጥቂት ፈሳሽ ሪዮላይት ነው። ቦወን ይህን እ.ኤ.አ. በ1928 ባሳተሙት መጽሐፍ ጽፈውታል፤ ዛሬም የሥነ ምድር ተማሪ ፈተና ይቀመጥበታል።

ቤተ ሙከራ ውስጥ ምን ይሠራል ለሚለው አንዱን ሥራ ቀረብ ብለን እንይ። ተማሪው ከሜዳ ያመጣውን ባዛልት በአልማዝ መጋዝ ይቆርጣል፤ ውሃ እየፈሰሰበት፣ መጋዙ እየጮኸ። ከተቆረጠው ላይ ትንሽ ቁራጭ በሙጫ ከብርጭቆ ጋር ያጣብቃል። ከዚያ በሻካራ ዱቄትና በውሃ እየፈጨ ያሳንሰዋል። መጀመሪያ በማሽን፣ በኋላ በእጅ፣ በክብ በክብ፤ በየጥቂት ደቂቃው እያነሳ ብርሃን ላይ ያየዋል። ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትር ሲደርስ ያ ጥቁር ድንጋይ ብርሃን ማሳለፍ ይጀምራል። ትንሽ ካለፈበት ድንጋዩ ተፍቆ ይጠፋል፤ የቀኑ ሥራ እንደገና ይጀመራል። የተሳካለት በልዩ ማይክሮስኮፕ ሥር ሲያስቀምጠው ዓይን የማይለየው ጥቁር ነገር በአንድ ጊዜ ይፈታል። ነጭና ግራጫ መስመር የተሰመረባቸው ረዣዥም ፌልድስፓሮች፣ የማይክሮስኮፑን መድረክ ስታዞሩት ብጫ፣ ሰማያዊና ሮዝ የሚሆኑ ፓይሮክሲንና ኦሊቪን፣ ብርሃን ፈጽሞ የማያሳልፉ ጥቁር የማግኔታይት ነጥቦች። የትኛው ክሪስታል የትኛውን እንደከበበ አይቶ የቱ ቀድሞ እንደረጋ ይናገራል። ብዙ ተማሪ የሥነ ምድርን ትምህርት ከልቡ የሚወደው በዚህች ሰዓት ነው።

ዕድሜውስ እንዴት ይታወቃል? አለቱ ውስጥ ፖታሺየም አለ። ከፖታሺየም አንዱ ዓይነት ቀስ እያለ ይለወጣል፣ ከፊሉም አርጎን ጋዝ ይሆናል፤ ግማሹ ለመለወጥ 1.25 ቢሊዮን ዓመት ይፈጅበታል። ላቫ ቀልጦ ሳለ የቀድሞው አርጎን ይወጣል፤ ሲጠጥር የሚፈጠረው አዲስ አርጎን ግን ክሪስታሉ ውስጥ ታስሮ ይቀራል። የታሰረውን መለካት ከጠጠረ ስንት ጊዜ እንደሆነው ይነግራል። ለዚህ ግን አንድ ጥብቅ ሁኔታ አለ፤ ናሙናው ያልበሰበሰ መሆን አለበት። የኢሉባቦር ፈተና ያለው እዚህ ላይ ነው። ዝናቡ ብዙ፣ ሙቀቱም ደህና ስለሆነ ድንጋዩ ቶሎ ይበሰብሳል። ተመራማሪው ጤናማ ባዛልት ለማግኘት ወንዝ ውስጥ ይገባል፣ ፏፏቴ ሥር ይሄዳል፣ ጠጠር የሚመረትበት የድንጋይ ካባ ይፈልጋል። በደረቁ አፋር በአንድ ቀን የሚሰበሰበው እዚህ ረጅም ጊዜ ሊፈጅ ይችላል።

የዚያ ብስባሴ ሌላ ገጽታው ግን በረከት ነው። ዝናብ ከአየርና ከበሰበሰ ቅጠል ያገኘውን አሲድ ይዞ ባዛልቱን ይበላል። ፌልድስፓሩ ሸክላ ይሆናል፤ ብረቱ ዝጎ አፈሩን ያቀላዋል። በየመንገዱ ዳር የምታዩት ነው፤ በቀይ አፈር መካከል ክብ ጥቁር ድንጋይ ተቀብሮ፣ ዙሪያውን በጣት የሚፈረፈር ቢጫማ ቅርፊት በድርብርብ ሸፍኖት። ያ ቅርፊት ድንጋይ ወደ አፈር ሲለወጥ በመሐል መንገድ ላይ የተያዘ ነው። የያዮ ቡና የሚበቅለው በእንዲህ ያለ አፈር ላይ ነው፤ የያዮ የቡና ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ የተመዘገበ ነው።

ገበሬዎቻችን ግን ስለዚህ አፈር አንድ እውነት ማወቅ አለባቸው። ዝናቡ ካልሲየሙን፣ ማግኒዚየሙንና ፖታሺየሙን አጥቦ ወደ ሶርና ወደ ገባ ይወስደዋል። የሚቀረው ብረትና አሉሚኒየም ነው። አፈሩ ይኮመጥጣል፤ ፎስፎረስንም አጥብቆ ይዞ ለሰብሉ አይሰጥም። የግብርና ባለሙያ ኖራ ጨምሩ ሲል የሄደውን ካልሲየም መልሱ ማለቱ ነው። ደን ባለበት ቦታ ግን የረገፈው ቅጠል የሄደውን በከፊል እየመለሰ ይኖራል። የዚህ አፈር ለምነት በአብዛኛው ያለው ከላይ ባለው ስስ ጥቁር ሽፋን ውስጥ ነው፤ ደኑ ሲመነጠር እሱ በጥቂት ክረምት ታጥቦ ይሄዳል። ዛሬ በሌላው ዓለም የባዛልት ዱቄት እርሻ ላይ እየበተኑ አፈሩን መልሶ የማበልጸግ ሙከራ ይካሄዳል። ባዛልት የሞላበት፣ አፈሩ የኮመጠጠበት አገር ከኢሉባቦር የበለጠ የት አለ? ይህን ሙከራ በመቱ ዙሪያ የሚያካሂድ ወጣት ተመራማሪ ማየት ከልቤ እመኛለሁ።

(አጭር የሙዚቃ ማረፊያ)

ለመምህራንና ለተማሪዎች የዛሬውን ተግባር ልስጥ። ጎበዝ የሥነ ምድር አስተማሪ ተማሪውን መጀመሪያ የአለት ስም አያስሸመድደውም። ድንጋዩን በእጁ ያስይዘውና ያየኸውን ንገረኝ ይለዋል። እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ተማሪዎቹ ከቤታቸው አካባቢ ድንጋይ ይዘው ይምጡ። በውሃ ይታጠብ፤ አዲስ የተሰበረው ገጽ ይታይ፣ ምክንያቱም ውጭው የበሰበሰ ስለሚሆን ያሳስታል። ቅንጣቶቹ በዓይን ይታያሉ? ቀዳዳ አለው? ቀዳዳው ላቫው ሲፈስ በውስጡ የነበረው ጋዝ የወጣበት ነው፤ የወፍጮ ድንጋይ የሚመረጠውም ቀዳዳው ስለታም ጠርዝ ስለሚሰጠው ነው። ቀዳዳው ውስጥ ነጭ ማዕድን ተሞልቷል? ያ በኋላ ውሃ ያመጣው ነው። በወሎ፣ በደላንታ ወገልጤና የሚወጣው ዝነኛ ኦፓልም በዚሁ የደጋ እሳተ ገሞራ አለት ውስጥ ውሃ ሲሊካ አምጥቶ ያስቀመጠው ነው።

ከተበላሸ ሬዲዮ ስፒከር የወጣ ማግኔት ካላችሁ ደግሞ አንድ ጥሩ ሙከራ አለ። ከዝናብ በኋላ በመንገድ ዳር ቦይ ውስጥ ጥቁር ደቃቅ አሸዋ ይከማቻል። ማግኔቱን በስስ ፌስታል ጠቅልላችሁ አሸዋው ላይ አንከባሉት፤ ጥቁሩ ቅንጣት ተንጨፍርሮ ይጣበቃል። ፌስታሉን ከማግኔቱ ስትለዩት ይረግፋል። ብዙው ማግኔታይት ነው፤ በማይክሮስኮፑ ሥር ያየነው ብርሃን የማያሳልፈው ያ ጥቁር ነጥብ። ባዛልቱ አፈር ሲሆን እሱ ሳይበሰብስ ቀርቶ ዝናብ ለይቶ ያከማቸው ነው።

ጥንቃቄ አትርሱ። የዓይን መከላከያ ሳታደርጉ ድንጋይ በመዶሻ አትምቱ፤ ፍንጣሪው እንደ ምላጭ ነው። በክረምት ወደ ተቆረጠ ገደል ሥር አትግቡ። ወደ ሶር ፏፏቴ የምትሄዱም፣ ወደ 20 ሜትር ከሚጠጋው ገደል አፋፍ ራቅ ብላችሁ፣ ከፊት ለፊት ሆናችሁ የገደሉን ገጽ ተመልከቱ። አለቱ በንጣፍ በንጣፍ የተደረደረ ነው? የማዕዘን ቅርጽ ያላቸው ቋሚ ዓምዶች ይታያሉ? ላቫ ሲበርድ ስለሚኮማተር አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ማዕዘን ሆኖ ይሰነጠቃልና። ከሥር ያለው ከላይኛው ይልቅ የተበላ ነው? ያያችሁትን በእርሳስ ሥሉት።

ለምታነሱት ናሙና ሁሉ ወረቀት ላይ አራት ነገር ጻፉ፤ ቦታውን፣ ቀኑን፣ ከየትኛው ንጣፍ እንደተነሳና ያነሳውን ሰው ስም። ይህ ያልተጻፈለት ድንጋይ የት እንደነበረ የማይታወቅ ስለሆነ ለጥናት አይጠቅምም። በክፍላችሁ መደርደሪያ ላይ የመቱን ከጎሬ፣ የጎሬን ከያዮ ለይታችሁ ብታስቀምጡ በጥቂት ዓመት ውስጥ የአካባቢያችሁ የአለት ስብስብ ይኖራችኋል። ከቡሬ በታች የሚኖር ዘመድ ያለው ተማሪም ግራናይት እንዲያመጣ አደራ በሉት፤ ባዛልቱ አጠገብ ሲቀመጥ ልዩነቱን ማንም ሳያስረዳው ያየዋል።

በሚቀጥለው ዝግጅታችን ወደ ጋምቤላ ሜዳ ወርደን ባሮ ተሸክሞ ስለሚወስደው አሸዋ እንነጋገራለን። 

(የመዝጊያ ሙዚቃ)